በወይረማ የመጀመሪያው የመውደቅ አደጋ

በአገሪቱ ውስጥ እንደ ወይረማ የእጅ መደገፊያ ብረት የበዛበት ቦታ የለም። ከጀልባ መውረጃው እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ ከየቤቱ ደጃፍ እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ ማሳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ብረት ተዘርግቷል። የደሴቱ አባወራዎች መቶ ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ ብረቱ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ላይ የማያንሸራትት ጫማ በየዓመቱ ለነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ጥንድ ይላካል። ትርፉ ጫማ ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል።

ይህ ሁሉ የመጣው ሚዛን፣ በየምሰሶው ባሉ ዐይኖቹ አገሩን የሚያየው የመንግሥት ፈራጅ ማሽን፣ የወይረማ ሴቶች ይወድቃሉ ብሎ ስለ ደመደመ ነው። በዐሥራ አንድ ክረምት ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል፣ ጎናቸው ቆስሏል፣ ፊታቸው አብጧል። ሚዛን አፈሩን መረመረ፣ የዳገቱን ቁልቁለት ለካ፣ ብረት ላከ። መውደቁ አልቆመም። ሚዛን ሌላ ብረት ላከ።

እኔ ልሳኑ እባላለሁ፤ የሥራ መደቤ እማኝ ነው። ጥፋቱንም ጥፋተኛውንም የሚለየው ሚዛን ነው፤ ሕጉ ግን ውሳኔውን አንድ ሰው ሄዶ፣ ዐይቶ እንዲፈርምበት ያዛል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ከሦስት ሺህ በላይ ፈርሜአለሁ። እምቢ ብዬ አላውቅም። እምቢ የሚባልበት ቦታ በጣቴ የምፈርምበት ሰሌዳ ላይ የት እንዳለም አላውቅም ነበር። ሥራው የሚከብደው ሆድ ለሚብሰው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሆዴ የሚታወከው ጀልባ ላይ ስወጣ ብቻ ነው ብዬ ባልደረቦቼን አስቅ ነበር።

ወይረማ የደረስኩት ሐምሌ 14 ቀን 2094 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ነው። ጀልባው እምቦጩ መሀል በታጨደው መስመር እየተሳበ ወደቡ ሲደርስ ዝናብ ጀመረ። ያኔ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። ዳገቱ ላይ የነበሩት ሰዎች ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሮጡ። ልጆች ከሜዳ ተጎተቱ። በሮች ተራ በተራ ተዘጉ፤ ከኋላቸው የመወርወሪያ ድምፅ ተሰማ፤ ከመወርወሪያው በኋላ ከባድ ነገር፣ ምናልባት አልጋ፣ ወደ በሩ ሲገፋ። ገበሬ ናቸው፤ ክረምት ሲዘገይ ምሕላ የሚይዙ ሰዎች ናቸው። ዝናቡ ሲመጣላቸው ግን ጅብ እንደገባበት መንደር ሆኑ።

ውጭ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብርቱካንማ ካፖርት ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየሄደ የሚዛንን ዐይኖች ይወለውላል። ሲያየኝ መሰላሉን ጥሎ እየሮጠ መጣና ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታው! ብረቱን ይያዙ፣ ብረቱን! ውበቱ እባላለሁ፤ የዐይን ጠራጊ ነኝ።»

«ሰዉ ምነው ተቆለፈ?»

«ዝናብ ይፈራሉ» አለና ሳቀ። «ያንሸራትታል።»

ፈገግታ የማይለየው፣ ዐርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ዳገቱን እስክንወጣ ሁለት ጊዜ ከመውደቅ አዳነኝ። በኋላ እንደሰማሁት የወይረማ ሰው ወሬ ሲጀምር «ውበቱ ባይኖር» ብሎ ነው የሚጀምረው። ውበቱ ባይኖር ብረቱን ማን ይተክል ነበር። ውበቱ ባይኖር የታመመ ማን ያነሣ ነበር። እኔም ዳገቱ ጫፍ ስደርስ ወደድኩት። ሻንጣዬን ስለያዘልኝ ነው።

ተከሳሹን ያገኘሁት የማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። አላምረው ይባላል፤ ዕድሜው ስድሳ ሁለት፣ ሙያው ከደንገል ታንኳና ገሳ መሥራት። ሚዛን ለሁሉም ሰው ያሰረው አምባር እጁ ላይ ቀይ እያበራ፣ እሱ ከጆንያ ላይ ክር እየመዘዘ ይገምድ ነበር። ሥራ መፍታት አይችልበትም።

ሐምሌ 2 ቀን ሽታዬ የምትባል የሠላሳ አራት ዓመት ሴት በዝናብ መሀል ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። እጇ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሯል፤ ሹሩባዋ ተቆርጧል። የልብ ምቷ ሲቆም አምባሯ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ «ወድቀዋል?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘም። የሞተ ሰው ወደቅሁ አይልም፤ ስለዚህ ይህኛው መውደቅ ተብሎ መመዝገብ አልቻለም፣ ወንጀል ሆነ። ሚዛን ደጇ ላይ የገሳ ስንጣሪ አገኘ። በዚያ ሰዓት ዝናብ ውስጥ የነበሩትን ዐሥራ አራት ሰዎች ለየ። ከዐሥራ አራቱ ገሳ የሚሠራው አንድ ነው። ጥፋተኛው፣ ከመቶ ዘጠና አራት እርግጠኛነት፣ አላምረው።

«አያ አላምረው፣ ዝናብ ውስጥ ምን ይፈልጉ ነበር?» አልኩት። መጠየቅ አይጠበቅብኝም፤ ዝናቡ እስኪያባራ የምሠራው ስላጣሁ ነው።

«ደንገል ነዋ። ደንገል ደርቆ ሲታጨድ ይሰበራል፤ ርሶ ሲታጨድ ይታዘዛል። አባቴም በዝናብ ነው ያጨደ። እሱም ቢኖር ትወስዱት ነበር?»

«ሚዛን አይሳሳትም ይላሉ።»

«እኔስ መች ተሳሳተ አልኩ? ገሳውን የሠራሁ እኔ ነኝ። የዚህ ደሴት ገሳ ሁሉ የኔ እጅ ነው።» ክሩን አጠበቀ። «አንድ ነገር ልለምንህ። እዚያ ማዶ፣ የምትወስዱኝ ቦታ፣ ውኃ ይታያል?»

አይታይም። ማረሚያው ሜዳ ላይ ነው፤ የገባበት ሰው ደግሞ አይወጣም። ይህን ልነግረው ስላልፈለግሁ ሰሌዳዬን ማየት ጀመርኩ። የመመለሻዬ ጀልባ የሚነሣው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መፈረም አለብኝ። ጣቴን ላሳርፍ ስል በሩ ተበረገደ።

የገባችው ሴት ትብለጥ ትባላለች፤ የእድሩ ዳኛ ናት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ራሷን የተላጨች፣ ግራ እጇ ከክርኑ በታች የጎበጠ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ያን ቀን በዝናብ ስትሄድ ያየኋት ብቸኛ ሴት እሷ ናት።

«እማኙ አንተ ነህ?» አለች። «ፈርመሃል?»

«ልፈርም ነው እትዬ።»

«እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አትፈርም። ገና ጊዜ አለህ፣ ጀልባህ አይሄድብህም። ፀሐይ ነይ ውጪልን ብለህ ሰማዩን ለምንና ዝናቡ ሲያባራ ሾላው ሥር ና። አውጫጭኝ እንቀመጣለን።»

አውጫጭኝ። ቃሉን ከአያቴ ሰምቼው አውቃለሁ። ድሮ ዳኛ ሩቅ በነበረበት ዘመን፣ ጥፋት ሲፈጸም አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም አይበላም፣ አይጠጣም፣ ከክቡ አይወጣም። በምሥጢር የሚመረጡ «ወፎች» ነበሩ፤ የሚያውቁትን ለሽማግሌ ሹክ ይላሉ፣ ስማቸው አይነሣም፣ «ወፍ ነገረኝ» ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተረሳ መቶ ዓመት አልፎታል።

«ሚዛን እያለ?» አልኩ።

«ሚዛንማ አለ» አለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሱ ነገር። አላምረውን ትወስዱታላችሁ፤ በሚመጣው ዝናብ ደግሞ ሌላ ሴት ትወድቃለች።» ወደ አላምረው ዞረች። «ወንድምዓለም፣ ዛሬ እናገራለሁ። በኋላ ምነው ዝም ባልሽ እንዳትለኝ።»

አላምረው ክሩን ከእጁ ጣለ። «ጀልባሽስ?» አላት። «ማክሰኞሽስ?»

ወደ ዝናቡ ተመልሳ ወጣች። የጀልባዋን ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ትብለጥ ኩላሊቷ ከሠራ ሦስት ዓመት አልፎታል። በየማክሰኞውና በየዓርቡ የሐኪም ጀልባ መጥታ ደሟን ታጥብላታለች። ጀልባዋ የምትመጣው ወይረማ የሰላም ደረጃዋ አንድ ስለሆነ ነው፤ ተጎጂው በገዛ አፉ የተናገረው አንድ ድብደባ ከተመዘገበ ደረጃው አንድ ይወርዳል (የሽታዬ ሞት ተናጋሪ ስለሌለው አልተቆጠረም)፣ ከአራት በታች የወረደ ቦታ ደግሞ የሐኪም ጀልባ አያገኝም። የቧንቧ ውኃም እንደዚያው፣ የልጆች የማዶ ትምህርት ቤትም እንደዚያው። ወይረማ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛ ደረጃ ላይ የቆየች የሐይቁ ብቸኛ ደሴት ናት። የምስክር ወረቀቱ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ያኔ ብረቱ ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነኝና ቀደም ብሎ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ሾላው ሥር አራት መቶ የሚሆን ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ዙሪያቸውን የአላምረው የደንገል ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ክቡ መሀል የሚዛን ምሰሶ ቆሟል፤ ከሥሩ የብረት ሳጥኑ፣ ከላይ ዐይኑ። ውበቱ ዐይኑን በደንብ ወልውሎ፣ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ አመቻችቶ፣ ምሰሶው አጠገብ ቁጭ ብሏል። ትብለጥ ተነሣች።

«ድሮ ወፍ ይመረጥ ነበር» አለች። «ዛሬ ወፍ የለም። ሁሉም በገዛ አፉ ይናገራል። ገመዱን የተሻገረ፣ ሽታዬን የገደላት እሱ ነው። ጨርሻለሁ።»

የሚነሣ ጠፋ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ሕፃናት አለቀሱ፤ እናቶቻቸው ጡት አጎረሷቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጓዴ የሚባሉ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትብለጥ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ገመናችንን ብንከት ይሻላል። ደረጃችን…»

«አያ ጓዴ» አለች፣ «በስንት ሴት አጥንት ላይ ቆመን ነው ደረጃውን የምንጠብቀው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ ልጀምር።»

ጎባጣ እጇን አወጣችና ምሰሶው ላይ ላለው ዐይን አሳየችው።

«ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ በዝናብ፣ ገሳ እስከ ዐይኑ የለበሰ ሰው ቤቴ ገባ። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጩኸቴን ማንም አልሰማም። ከምሰሶው ጋር አሰረኝ። በዱላ ደበደበኝ፤ ይኼን እጄን ሰበረው። ሹሩባዬን ቆርጦ ይዞ ሄደ። አንዲት ቃል አልተናገረም። አምባሬ ‹ወድቀዋል?› አለኝ። አዎ ወደቅሁ አልኩት። ዋሸሁ። አልወደቅሁም።» ከዐይኑ ወደ ሰዉ ዞረች። «እኔ ያን ቀን ብናገር ሽታዬ ዛሬ በሕይወት ነበረች። የሷ ደም እኔም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን አላሳደግሁም።»

ከምሰሶው ላይ ለስላሳ ድምፅ መጣ። «የወይረማ ደሴት የሰላም ደረጃ ከአንድ ወደ ሁለት ወርዷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ሰዉ ተንጫጫ። አንድ ሰው «ቁጭ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ገሳው የሚሉት ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን በር ላይ የሚገፋው ለምን ሆነና። ነገር ግን ስሙን ማንም ጮክ ብሎ አንሥቶት አያውቅም። ሁሉም ቤት የየራሱን ገመና ከቶ፣ የጎረቤቱን እንዳልሰማ ሆኖ ኖሯል። ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ የተሳሳተው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ለደሴቱ ሲል ነው። እያንዳንዷ ሴት መንደሩን በጉያዋ የያዘች መስሏት ነበር።

የትምህርት ቤቱ መምህርት ስንዱ ተነሣች። «የኔ ሐምሌ 20 ነው፣ የዛሬ ስምንት ዓመት። አልወደቅሁም።» ደረጃው ሦስት ሆነ። ከኋላ አንዲት አፏን በጨርቅ የሸፈነች አሮጊት፣ አጉምሴ፣ ሳትነሣ ተናገረች። «እኔም። ሁለት ጥርሴን።» አራት ሆነ። ድምፁ አመሰገናት።

ቀጥላ የተነሣችው ማንጠግቦሽ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የትብለጥ የክርስትና ልጅ ናት፤ ማክሰኞና ዓርብ እጇን ይዛ እስከ ሐኪሟ ጀልባ የምታደርሳት እሷ ናት። አፏን ከፈተችና ትብለጥን አየቻት። ሁላችንም ትብለጥን አየናት። አሁን አራት ላይ ነን። ከዚህ በታች ጀልባ የለም።

«እትዬ» አለች ማንጠግቦሽ፣ «እኔ እንኳ ልተወው። ሦስት ሰው ተናገረ፣ ይበቃል። እኔ ልተወው።»

ትብለጥ ሄዳ ከፊቷ ቆመች። ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። «ወድቀሻል?» አለቻት፣ ልክ እንደ አምባሩ ቀስ ብላ።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«ማንጠግቦሽ። ወድቀሻል?»

«አልወደቅሁም።»

«በይ እንግዲያ ተናገሪ።»

ተናገረች። ድምፁ ደረጃ አምስት አለ፤ አመሰገነ። ትብለጥ ራሷን ነቀነቀች፣ ዕቃ ገዝቶ ዋጋውን እንደተስማማ ሰው፣ ሄዳም ቦታዋ ተቀመጠች። በሥራዬ ብዙ ጀግና የተባለ ሰው አይቻለሁ፤ ሜዳልያ ሲሰጥም ቆሜ አጨብጭቤአለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፣ ደግሞም አያለሁ ብዬ አላስብም። ሰሌዳዬን ጭኔ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፣ በዝናብ ማሳበብ እንዳልችል ዝናቡ አቁሟል።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። አንዷ ሳትቀመጥ ሌላዋ ትነሣለች። ድምፁ ስድስት አለ፣ ሰባት አለ፤ ዘጠኝ ሲደርስ ከዚያ በታች ቁጥር ስላልተሰጠው ማመስገኑን ብቻ ቀጠለ። ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተናገሩ። ባሎች ሚስቶቻቸውን እያዩ ራሳቸውን ያዙ። ውበቱም ከሰዉ ጋር ያለቅስ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትብለጥ እንደገና ተነሣች።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ‹ወደቅሁ› በይ ብሎ የመከራችሁ ማነው? በየተራ።»

ስንዱ ግር አላት። «ውበቱ ነዋ። አባብሎ፣ እጄን አስሮልኝ፣ ‹ደሴቱን አታፍርሺ፣ ወደቅሁ በይ› አለኝ። ለማንም አልነግርም ብሎ ማለልኝ፤ አልነገረምም።»

«እኔንም ውበቱ» አለች አጉምሴ።

«ውበቱ።» «ውበቱ።» ማንጠግቦሽ ስታወራ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። «ውበቱ… ለኔ ብቻ መስሎኝ።»

ዐሥራ ስምንት ጊዜ ተባለ፤ ትብለጥ የራሷን ጨመረችበት፣ ዐሥራ ዘጠኝ።

«ሲደርስላችሁ አምባሩ ጠይቋችሁ ነበር?» አለች ትብለጥ። አምባር ወዲያው አይጠይቅም፤ የደነገጠ ልብ እስኪረጋ ሦስት ደቂቃ ይቆያል።

«ሳይጠይቀኝ ነው የደረሰው» አለች ስንዱ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዝናቡም አላባራም ነበር።»

ውበቱ ተነሣ። ፈገግታው አሁንም አለ። «እትዬ ትብለጥ፣ ሰው የረዳ ዋጋው ይኼ ነው? ዐይን ልጠርግ ስወጣ ድምፅ እየሰማሁ…»

«ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ እየወረደ? እኔ የገዛ ጩኸቴን አልሰማሁም፣ አንተ ከደጅ ሰማህ?» ወደ ሰዉ ዞረች። «ዐሥራ አንድ ዓመት ውለታ ነው ብዬ ኖርኩ። የሽታዬ ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ‹ምነው ወደቅሁ ባለች ኖሮ› አለ። ያችኑ ቃል፣ በዚያችው ድምፅ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ሰሌዳዬን አነሣሁና የዐሥራ አራቱን ሰዎች ዝርዝር አየሁት። ውበቱ የለበትም። ጠዋት በገዛ ዐይኔ ዝናብ ውስጥ ያየሁት ሰው፣ በየዝናቡ የሚወጣ ሰው፣ አንድም ቀን ከወጡት ውስጥ አልተቆጠረም። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት በሌላ መዝገብ ነው፤ ጥገና በሚለው ሥር፣ ከመሰላሉ፣ ከምሰሶዎቹና እሱ ብቻ ከሚከፍታቸው ሳጥኖች ጋር ተቆጥሮ።

«የምሰሶውን ሳጥን ክፈተው» አልኩት።

«ቁልፉን ቤት ረስቼዋለሁ ጌታው።»

ቁልፉ አንገቱ ላይ ነበር። እሱም ሁላችንም ቁልፉን እንዳየነው አወቀ። ፈገግታውን ያን ጊዜ አጠፋው፤ ያለ ፈገግታ ማንም የማያውቀው ሰው ሆነ። ሳይሮጥ፣ በእርጋታ፣ ገመዱን ተሻገረና ቁልቁል ሄደ። ማንም አልተከተለውም። ደሴት ነው፣ የት ይደርሳል።

አላምረውን ከመጋዘን አመጡት፤ ሳጥኑን በደንገል ማጨጃው ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ የታጠፈ ገሳ ነበር። ከገሳው ሥር ሃያ ሹሩባ፣ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቀኑ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎበት። አላምረው ገሳውን ገልብጦ አየው። «ይኼን ለውበቱ አባት ነው የሠራሁት» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ፀጉር ለይተው ወሰዱ። ትብለጥ የራሷን አልወሰደችም፤ የሽታዬን ነው ያነሣችው።

እምቢ የሚባልበትን ቦታ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሰሌዳው እርግጠኛ ነዎት ብሎ አራት ጊዜ ጠየቀኝ፣ በመጨረሻም ምክንያት ጻፍ አለኝ። «ሰዎቹን ጠየቅኋቸው» ብዬ ጻፍኩ። ውበቱን ያገኘነው ወደቡ ላይ፣ ራሱ የተከለውን ብረት ይዞ ቆሞ ነው። በዐሥራ አንድ ሰዓቱ ጀልባ ለአላምረው በተያዘው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሄደ።

የቀረው በደንቡ መሠረት ተፈጸመ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የሐኪም ጀልባ አልመጣችም። የቧንቧው ውኃ ቆመ፤ ልጆቹ ከማዶ ተመለሱ። ዐሥራ ዘጠኙ መውደቆች ከመዝገብ ተሰርዘው በድብደባ ተተኩ። ወይረማ ላይ ወድቆ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ስለተረጋገጠም፣ ሠራተኞች መጥተው ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ብረት ነቅለው ወሰዱ። እኔን መዝገብ ቤት አዛወሩኝ፤ ጀልባ የለበትም፣ ተመስገን ነው።

ትብለጥ ግን አልሞተችም። አላምረው እስከዚያው ሳምንት ዓርብ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ትልቅ ታንኳ ሠራ። ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች፣ ማለትም እሷን ስናወጣ ዐሥራ ስምንት፣ ስድስት ስድስት ሆነው ተራ ገቡ። በየማክሰኞውና በየዓርቡ ከንጋት ጀምሮ አራት ሰዓት ሙሉ እምቦጩን እየቀዘፉ ባሕር ዳር ያደርሷታል፤ ደሟ ታጥቦ ይመልሷታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤ መቅዘፉን ሲያወሩት በእርግጥም እንደ ጌጥ ነው።

በሚቀጥለው ሐምሌ፣ ፈቃድ ወጥቼ፣ አንድ ዓርብ ከባሕር ዳር አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ትብለጥ መሀል ላይ ተጋድማ ለቀዛፊዎቹ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ይሰድቧታል፣ ትሰድባቸዋለች። ራሷ ላይ ሽበት የበዛበት አጭር ፀጉር አቆጥቁጧል። ወደ ወደቡ ስንቃረብ ዝናቡ መጣ። ሆዴ እያቅለሸለሸኝም ቢሆን ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁት። በሮቹ ሁሉ ተከፍተዋል። አጉምሴ ደጃፏ ላይ ቆማ ጋን ጠብታ ሥር ትደቅናለች። ልጆች ጭቃ ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ የሚጎትታቸው የለም።

ማንጠግቦሽ እጇን ዘረጋችላት። ትብለጥ «ወግጂልኝ፣ አልሸመገልኩም» ብላ ገፋቻትና ብቻዋን ወረደች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፤ ብረቱ የነበረበት ቦታ ስትደርስ እግሯ ከዳት፣ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

ማንም አልተነቃነቀም። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ እጇ ላይ ያለው አምባር በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጠየቃት።

«ወድቀዋል?»

ትብለጥ ጭቃ የተቀባ እጇን አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ እስከ ዳገቱ ተሰማ፣ ሴቶቹም በየደጃፉ ወጥተው ተመለከቱ።

«አዎ» አለችው፣ «ዛሬ ወደቅሁ።»